በክፉ ቀን ሰው ፊት ታሪክ መንገር፦ ሳቁ መቼ ይግባ?

አያቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ንፍሮው ዞሯል። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አልወጣትም፣ ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች። አንድ የእድራችን አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ያቺ ዣንጥላ የት ደረሰች?» አሉ። ማንም አልመለሰም።

«ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላት፣ ቀይዋ» ብለው ቀጠሉ። «አንድ ሐምሌ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። እኔ ኮቴን ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ። እሷ ደግሞ ዣንጥላዋን ፈጠን ብላ…» ቆም አሉ። ሁላችንም ዣንጥላዋ ስትዘረጋ እየታየን ነው። «…ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻት። ‹ምነው?› ብላት፣ ‹ልጄ የላከችልኝን ዝናብ ላስመታት?› አለችኝ።»

እናቴ ሳቀች። ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀሰች። ማታ ላይ እህል ቀመሰች።

ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል። ይሄ አባባል ብዙ ጊዜ ለወቀሳ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ባዳ ለቅሶ ቤት የሚመጣው ለማገዝ ነው። የቤቱ ሰው አቅም ሲያጣ ውኃ የሚቀዳው፣ ወንበር የሚያመጣው እሱ ነው። ሳቅም በክፉ ቀን ሥራው ይኸው ነው።

ይሄ መመሪያ ሰው ፊት ቆማችሁም ሆነ ተቀምጣችሁ ታሪክ ለምትነግሩ ነው። የመጻሕፍት ውይይት ምሽት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ማኅበር ላይ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የኮሚዩኒቲ አዳራሽ ውስጥ፣ ወይ ከቤሩትና ከሪያድ ቲክቶክ ላይቭ ላይ። ዘመኑ ከብዷል። ሰው ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት ትከሻው ላይ ተጭኖበት ነው ሊሰማችሁ የሚመጣው። «አሁን ማሳቅ ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል። ነውር የሚሆንበት መንገድ አለ፣ የማይሆንበትም አለ። ልዩነቱን ያስተማረኝ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ቅደም ተከተሉንም ከዚያው ወስጃለሁ።

መጀመሪያ፦ ድንኳኑ ውስጥ ማን አለ?

ለቅሶ ስትሄዱ በር ላይ «ማነው የሞተው? እንዴት ሞተ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ነው የምትገቡት። መድረክም እንደዚያው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁ። ማን መጥቷል? ከየት? በቅርብ ሰው የሞተበት አለ? ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና በር አካባቢ ቁሙ። ሰላም በሉ። የሰውን ፊት እዩ።

ይሄን አለማድረግ ምን እንደሚያመጣ አይቼዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. አንድ የንባብ ምሽት ላይ ስለ ዘይት ሰልፍ አንድ ታሪክ ይዤ ሄድኩ። ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ያሳቀ ነው። ሰልፈኛው ወረፋው እንዳያልፈው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሲመለስ ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስል ተደበላልቀው ያገኛቸዋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ግማሽ ላይ ስደርስ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የነበረች ሴት ተነሥታ ወጣች። በኋላ ነው የተነገረኝ፣ ከሰሜን ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ መጠለያ ውስጥ የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ስትሰለፍ ከርማለች። ለእኔ ሰልፍ የዘይት ነበር። ለእሷ የልጆቿ ራት ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ሌላ ታሪክ እመርጥ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተፈናቃዮች ራሳቸው ስለ ሰልፉ አይቀልዱም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከእኛ የባሰ ይቀልዳሉ፣ ያውም ጨከን አድርገው። ቁስልን ግን የሚያከው ባለቤቱ ነው። ያልደረሰባችሁን ነገር ቀልድ አድርጋችሁ ለደረሰበት ሰው አትንገሩ። የደረሰባችሁን ንገሩ።

ቀጥሎ፦ አልቅሳችሁ ግቡ

«ሰውን ዘና ለማድረግ በቀልድ ጀምር» የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ለሠርግና ለምርቃት ይሠራል፣ ለክፉ ቀን አይሠራም። ለቅሶ ቤት እየሳቀ የሚገባ ሰው የለም። አንድ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ወሬ የሚመጣው። የዚያ አዛውንት የዣንጥላ ጨዋታ በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ ኖሮ ያጣላ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጣና አዳነን።

እና የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ለሐዘኑ ስጡ። ንግግር አታድርጉ፣ «በዚህ አስቸጋሪ ወቅት» የሚለውንም ተዉት፣ የዜና ቋንቋ ነው። አንድ ተጨባጭ ነገር በሉ። «እናቴ የደወለችልኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ይበቃል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ስልክ ያውቀዋል። አሁን ምን ውስጥ እንዳለ እንደገባችሁ አወቀ። ከዚህ በኋላ ብታስቁት አይቀየምም።

የሰሚውን ድምፅ ማውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ የቆየው መላ አለላችሁ። «ተረት ተረት» በሉ። «የላም በረት» ይላችኋል፣ ሚኒስትርም ሆነ ተማሪ። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስትሞክሩት ሰው መጀመሪያ ያፍራል፣ ድጋሚ ስትሉት ግን ይመልሳል፣ ሲመልስ ደግሞ ትንፋሹ ይለቀቃል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ሲተርኩ በዚህ መሀል አገሪቱ ሦስት መንግሥት አይታለች። የእሳቸው ሰላምታ ግን ያው ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች»። ውጭ ምንም ይሁን ምን የሚታወቅ በር ነበረ። ለናንተም እንዲህ ያለ የማይለወጥ መግቢያ ይኑራችሁ። የተጨነቀ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ ይረጋጋል።

ሳቁን ከየት ታመጣላችሁ?

ከኢንተርኔት አይደለም። የተዘጋጀ ቀልድ ታሪክ መሀል ስትሰነቅሩ ሰው ያውቅባችኋል፣ ልክ ወጥ ውስጥ ያልበሰለ ሽንኩርት እንደማግኘት ነው። በክፉ ቀን የሚያስቀው ነገር ራሱ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ሰው በጭንቅ ሰዓት ትናንሽ፣ ግራ የገቡ፣ የፍቅር ነገሮች ያደርጋል። እነሱን ፈልጉ።

እንዲህ ሞክሩት። ወረቀት ያዙና ልትነግሩት ስላሰባችሁት ክፉ ጊዜ አሥር ዕቃ ጻፉ። ዕቃ ብቻ። ዣንጥላ፣ ጀሪካን፣ ስልክ፣ ጫማ፣ ቁልፍ። ከዚያ በየአንዳንዱ ዕቃ ሰው ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ሀዘንና ድንጋጤ ብላችሁ ከጀመራችሁ ምንም አይመጣላችሁም። ከጀሪካን ከጀመራችሁ ይመጣል።

ለምሳሌ ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 2012 ነበር። ስለ ፍርሃቱ ብዙ ተብሏል። እኔ ስለዚያ ጊዜ ስናገር የማነሣው የሰፈራችንን አንዲት እናት ነው። ለቅሶ መሰብሰብ ሲከለከል ሟቿ ቤት ድረስ ሄዱ፣ አጥሩ ውጭ ቆሙ፣ ማስካቸውን አወረዱ፣ ጮኸው አለቀሱ፣ ማስካቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምንም አልጨመርኩበትም። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ በዚያ ዓመት ያልቀበረው ሰው አለው።

አስታውሱ፣ አጋንናችሁ ካወራችሁት ይበላሻል። እኚያ እናት ሁለት ጊዜ ማስክ ቢያወልቁና ቢወድቅባቸው ኖሮ ቀልድ ይሆን ነበር፣ እሳቸው ደግሞ መሳቂያ።

በማን ላይ ነው የሚሳቀው?

አማርኛ በዚህ ነገር ሀብታም ነው። ቀልድ አለ፣ ፉገራ አለ፣ ሽሙጥ፣ ፌዝ፣ ለበጣ፣ ማላገጥ አለ። ቃሉ መለያየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀልድ አብሮ የሚሳቅበት ነው። ፌዝ አንዱ ሌላውን ከላይ ሆኖ የሚያየው ነው። በደህና ጊዜ ፉገራን ሰው ይችለዋል። በክፉ ቀን ፌዝን አይችለውም። ታሪካችሁን ስትጨርሱ እያንዳንዱን ሳቅ እየነካችሁ ጠይቁ፦ ይሄ የትኛው ነው?

አለቃ ገብረ ሐናን ውሰዱ። ፎገራ የተወለዱ፣ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ) ሊቅ ናቸው፤ ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ኖረዋል። ከብት አልቆ ሕዝብ በረሃብ የረገፈበትን ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለን የምንጠራው እኮ በእሳቸው ዕድሜ የሆነ ነው። ያ ትውልድ ያን ሁሉ አይቶ ለእኛ ያወረሰን ብዙ ሳቅ ነው። ከሚነገሩት ውስጥ በጣም የምወደው ይሄ ነው። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት?» ይሏታል። እሷም፣ «ደህና አደርኩ፣ ልጄ» ትላቸዋለች።

ማን ተሸነፈ? ሊቁ። ማን አሸነፈ? እንጨት ጭና ገበያ የምትወርደው ሴት። ታሪኩ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ለዚህ ይመስለኛል። ሳቁ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። አቅም ያጣ ሰው ሲሰማው ጀርባው ቀና ይላል።

ስለ ብሔር የሚነገሩ ቀልዶችን ግን ጨርሳችሁ ተዉ። እገሌ ገንዘብ ይወዳል፣ እገሌ ቶሎ አይገባውም የሚሉትን። ድሮ አብረን ስቀንባቸዋል፣ እውነት ነው። ዛሬ ግን በዚያው ስም የተገደለና የተባረረ ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ። «እኔ በክፋት አይደለም» ብትሉ አይጠቅመውም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ቃሉን የት ታስቀምጡታላችሁ?

ይሄ የሙያው ዋና ነገር ነው፣ ትንሽ ቆዩበት።

የአለቃን ጨዋታ እስቲ እንዲህ ንገሩት፦ «ልጄ፣ ደህና አደርኩ አለቻቸው።» ሞተ። ለምን? «ልጄ» ቀድማ ወጣች። የሚያስቀው ቃል መጨረሻ ላይ ነው መውደቅ ያለበት፣ ከእሱ በኋላም ምንም ቃል መኖር የለበትም። አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገራችን በግሥ ይዘጋል፤ «አለች፣ አለቻቸው፣ ብላ መለሰች» እያልን ጥሩውን ቃል እንቀብረዋለን። መፍትሔው ቀላል ነው። «አለች» የሚለውን ወደ ፊት አምጡት፦ «እሷ ምን አለቻቸው? ‹ደህና አደርኩ፣ ልጄ።›» ከዚያ ዝም።

ግሡ ራሱ የሚያስቅ ሲሆን ደግሞ ቋንቋው ያግዛችኋል። የዣንጥላዋን ታሪክ ተመልከቱ። «ዣንጥላዋን ፈጠን ብላ…» ሲባል ሰው በራሱ «ዘረጋችው» ብሎ ይጨርሰዋል። «ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻት» ሲመጣ ያልጠበቀው ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ መሆኑ በነፃ የተሰጠን ስጦታ ነው። ከግሡ በፊት ትንፋሽ አንድ ጊዜ ሳቡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ሰው ይቀድማችኋል።

ሌላው፣ ምክንያቱን ከድርጊቱ አታስቀድሙ። አዛውንቱ «አያትሽ ለዕቃ በጣም ትሳሳ ስለነበር» ብለው ቢጀምሩ ማንም አይስቅም ነበር። መጀመሪያ ደበቀቻት፣ ከዚያ ለምን። ድርጊቱ ያስቃል፣ ምክንያቱ ያስለቅሳል። «ልጄ የላከችልኝን» የምትለው ቃል ነች እናቴን የነካቻት። ዓረብ አገር ሠርታ የላከችው እኅቷ ናት፣ ቀብሩ ላይ መድረስ ያልቻለችው።

ከሳቁ በኋላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አዳራሹ ሳቀ፣ ተናጋሪው ደስ አለው፣ ሌላ ጨመረ፣ ሦስተኛ ጨመረ። ታሪኩ ጠፋ። ለአሥር ደቂቃ ታሪክ ሁለት ወይ ሦስት ሳቅ ይበቃል። ሳቅ ልብን ይከፍታል፣ ከተከፈተ በኋላ መናገር ያለባችሁን ከባዱን ነገር ተናገሩ። ያኔ ነው የሚገባው።

ካልሳቁስ? ቀጥሉ። አታስረዱ፣ አትድገሙ፣ «ገባችሁ?» አትበሉ። ዝም ብሎ የሰማም ሰምቷል።

ካለቀሱ አትደንግጡ፣ ይቅርታም አትጠይቁ። ድምፃችሁን ቀነስ፣ ፍጥነታችሁን ዘገየት አድርጉና ቀጥሉ። የተቆጣ ሰው ከተነሣ ግን አቁሙ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» በሉና ያን ክፍል ዝለሉት። ራሳችሁን ለመከላከል መድረክ ላይ ክርክር አትግጠሙ።

ላይቭ ላይ ከሆናችሁ የሳቁን ድምፅ አትሰሙትም፣ ኮሜንቱም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። አትጠብቁት። አንድ የምትወዱትን ሰው ከስልኩ ጀርባ አስቀምጡና ለእሱ ንገሩት። ፍጥነታችሁ ይስተካከላል።

ቃል አደጋ አለው

ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ግራዚያኒ ጠንቋይና አዝማሪ፣ በየመንደሩ እየዞረ ወሬና ታሪክ የሚያወራ ሁሉ እየተያዘ እንዲገደል አድርጓል። ሰው ሰብስቦ የሚያወራ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ገብቶት ነበር። ስለዚህ ይሄን ሥራ እንደ ቀላል አትዩት።

ዛሬ የምትጠነቀቁት ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። ታሪካችሁ ውስጥ ያለው ሰው ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሥራ ቦታውን ለውጡ። በሕይወት ካለ አስፈቅዱት። ከዚህ ሌላ ደግሞ ስልክ አለ። አንድ ሰው ሳቁን ብቻ ቆርጦ ሠላሳ ሴኮንድ አድርጎ ይለቀዋል፣ ሐዘኑን ያልሰማ ሰው ያየዋል፣ «በሰው ሞት ይቀልዳሉ» ይባላል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ የሚያስቀው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሱ ከሐዘኑ አንድ ቃል አስገባለሁ። «ዝናብ ያዘን» ከማለት «ልትሞት ዓመት ሲቀራት ዝናብ ያዘን» እላለሁ። እንዴትም ቢቆረጥ ሐዘኑ አብሮ ይሄዳል።

ልምምዱ ቡና ላይ ነው

መስታወት ፊት አትለማመዱ። ቡና አፍሉ፣ ሦስት አራት ሰው ጥሩ። በአቦሉ ታሪኩን ሙሉውን ንገሩ፣ የት እንደሳቁና የት ስልካቸውን እንዳነሡ አስተውሉ። በቶናው የሰለቹበትን ቆርጣችሁ አንዱን ክፍል ብቻ ድገሙት። በበረካው እናንተ ዝም በሉ፣ አንዱን «እስቲ አንተ ንገረኝ» በሉት። እሱ የተወው ነገር ሁሉ አያስፈልግም ነበር። እሱ በራሱ ቃል ያሳመረው ካለ ደግሞ ውሰዱት፣ አመስግናችሁ።

አወራረድ

ለቅሶ ቤት ጨዋታ ያመጣ ሰው በሳቅ አይወጣም። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ነው የሚነሣው። እናንተም የመጨረሻው ዓረፍተ ነገራችሁ ረጋ ያለ ይሁን። ከቻላችሁ ደግሞ ለሌላ ሰው አፍ የሚከፍት ጥያቄ ትታችሁ ውረዱ። ከታሪኩ ምን እንደምንማር አትንገሩን፣ ጠይቁን።

እኚያ አዛውንት እንደዚያ ነበር ያደረጉት። እናቴ አልቅሳ ስትጨርስ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ እግዜር ያጥናችሁ አሉ፣ ከዚያ በር ላይ ዞር ብለው፣ «ኧረ አልመለሳችሁልኝም፣ ያቺ ዣንጥላ የት ደረሰች?» አሉ። ታላቅ እኅቴ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ተሰማን። ይዛት ወጣች፣ ከነፌስታሏ።